ቁልፍ የያዘው እጅ

ታላቁ የዓለም ጦርነት ባበቃ በዘጠነኛው ዓመት፣ ጄኔራሉም ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው፣ የዝናቡ ወር ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በመንግሥት ማተሚያ ቤት ግቢ ውስጥ ያልተሸጠ መጽሔት በጋሪ እየተጫነ ይመለስ ነበር። ይህን ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት ሆኖ የሚያየው ሰው የዚያው መጽሔት የሽፋን ሠዓሊ ነው። በጥቅል በጥቅል ታስሮ የተቆለለውን የገዛ ሥራውን፣ ያንኑ የሚያብረቀርቅ ጸጉርና ያንኑ ፈገግታ፣ መቶ ጊዜ ተደጋግሞ አየው፤ መስኮቱንም ዘግቶ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነበር። ሚስት አላገባም፤ የሚኖረው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ካሳደገችው ከታላቅ እህቱ፣ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ነው። በሥራው የታወቀ፣ በጠባዩ ደግሞ ምራቁን የዋጠና ጭምት ሰው ነበር። መጽሔቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚወጣ የሲኒማ መጽሔት ሲሆን ሽፋኑ ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ ከባሕር ማዶ የፊልሙ ፎቶግራፍ በፖስታ ይመጣል፤ ሠዓሊው የአውራ ተዋናዩን ፊት አጉልቶ ይስላል፤ ከሥር የፊልሙ ስም ይጻፋል። ፊልሙን ግን አያየውም። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከመድረሱ በፊት ሽፋኑ ማለቅ ስላለበት፣ የማያውቀውን ሰው የማያውቀውን ነገር ሲያደርግ እየሳለ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ።

በዚያው ቀን ዋና አዘጋጁ አስጠራው። ዋና አዘጋጁ ወፍራምና ላብ የማያጣው ሰው ነው፤ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ስልክ በተደወለ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ብሎ የሚያነጋግር። ገበያው እንደ ጠፋ፣ ከላይ ያሉት ሰዎችም መጠየቅ እንደ ጀመሩ ነገረው። በከተማው ትልቁ ሲኒማ ቤት እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ የሚሰበሰቡ የፊልም ወዳጆች አሉ፤ መምህራን፣ ነርሶች፣ የባቡር ጥገና ሠራተኞች፣ የራሳችን ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚዎችም ሳይቀሩ፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቀርተው ይከራከራሉ፤ ሂድና ስማቸው፤ አንባቢዎቻችን እነሱ ናቸው፤ ምን እንደሚወዱ እወቅ አለው።

ሠዓሊው እሑድ ሄደ። ጉባኤውን የምትመራው የሲኒማ ቤቱ ትኬት ቆራጭ ነበረች፤ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት፣ ረጅም፣ ስትናገር ሰው ዝም የሚልላት ሴት። ማን እንደ ሆነ ስትሰማ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«የሽፋኑ ሠዓሊ እርስዎ ነዎት?» አለችው። «የሚስሉት ሰውዬ መልኩ ቆንጆ ነው። ፊልሙ ውስጥ ግን የለም።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሠዓሊውም ፊቱ ቀላ። ሆኖም አልተነሣም። አንዷ ነርስ፣ በዚያ ቀን በታየው የመርከብ ፊልም ውስጥ ከዓይኗ ያልጠፋው ካፒቴኑ ሳይሆን ማዕበሉ ሲጀምር ከጠረጴዛው ላይ ብቻውን እየተንሸራተተ የሄደው የሻይ ብርጭቆ እንደ ሆነ ስትናገር ሰማ፤ ሌሎች ስድስት ሰዎች ተቀብለው ያንኑ ብርጭቆ አነሡ። በሚቀጥለው ሳምንት ሽፋኑ ላይ ካፒቴን አልነበረም፤ ያጋደለ ጠረጴዛና ጠርዙ ላይ የደረሰ ብርጭቆ ብቻ። ዋና አዘጋጁ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ጠፋሁ አለ፤ ቅዳሜ እኩለ ቀን ሳይሞላ ግን መጽሔቱ ከየሱቁ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ወግ ያዘ። ትኬት ቆራጯ ከትኬቱ ጋር የእጅ መዳፍ የምታህል ካርድ ለየተመልካቹ ትሰጣለች፤ በካርዷ ላይ «ከዓይንዎ ያልጠፋው ምንድን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ታትሟል፤ ከሥር የወንበር ቁጥር ይሞላል፤ ምክንያቱም አስተያየቱ ለሽፋን የተመረጠለት ሰው ከማተሚያው ገና ትኩሱን የወጣውን የመጀመሪያ ቅጂ ወንበሩ ላይ ያገኛል። የዘወትሮቹ ተመልካቾች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቋሚ ወንበር ነበራቸው። ሰኞ ሰኞ ሠዓሊው ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እንደ ደብዳቤ ያነባቸው ነበር። የአንዱ ፊደል ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ የአንዷ ወረቀት ዘወትር ዘይት ነክቶታል፤ ሌላው ደግሞ ሁልጊዜ ሙዚቃው ይጮኻል እያለ ያማርራል። ሰዎቹን በመልክ ሳያውቃቸው በዓይናቸው አወቃቸው። መጽሔቱም በሽፋኑ ግርጌ «ከተመልካቾች አስተያየት የተሣለ» ብሎ በኩራት ያትም ጀመር።

እህቱ ለውጡን አየች። እሑድ እሑድ ሸሚዙን ራሱ መተኮስ እንደ ጀመረ፣ ሲመለስም እንደሚያፏጭ ታዝባ፣ «ወንድምዓለም፣ እዚያ ሲኒማ ቤት የሚታየው ፊልም ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ሣቅ ብሎ ሸሚዙን ወደ መስቀያው ወሰደ። ትኬት ቆራጯን በዝናቡ ማብቂያ ለጋብቻ ሊጠይቃት ልቡ ቆርጦ ነበር።

በዚህ መካከል የእስር ቤት ፊልም መጣ። የሳንሱሩ ክፍል ሳያንገራግር አሳለፈው፤ ታሪኩ በሩቅ አገር ይፈጸማልና፣ በመጨረሻም እስረኛው ጥፋቱን አምኖ ይጸጸታልና። በዚያ እሑድ አርባ ሦስት ካርዶች ተሰበሰቡ። እስረኛውን ያነሡት ጥቂቶች ናቸው፤ ሃያ ዘጠኙ ሰዎች የጻፉት በዕድሜ ስለ ገፋው የእስር ቤቱ ዘበኛ፣ በተለይም በሩን በቆለፈ ቁጥር ስለሚንቀጠቀጠው እጁ ነበር። የወንበር ቁጥሯ ከኋላ ረድፍ የሆነች አንዲት ካርድ በእርሳስ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይዛለች፤ «የታሰረውስ እሱ ነው» ትላለች። ሠዓሊው ያቺን ካርድ ከብሩሾቹ ጋር አቁሞ ሦስት ቀን ሠራ። የሣለው አሮጌ እጅ ነው፤ ደም ሥሩ የተገተረ፣ ቁልፉን ሊጥለውም ሊጨብጠውም ያልቻለ እጅ። ፊት የለም፤ የደንብ ልብሱ እጅጌ ብቻ ይታያል። ዋና አዘጋጁ ብዙ አየው፤ ላቡን ጠረገና ይለፍ አለ።

መጽሔቱ ቅዳሜ ወጣ፤ ሰኞ የባቡር ሠራተኞች አድማ መቱ። ይህ አጋጣሚ ነበር፤ አጋጣሚ ነው ብሎ የሚያምን ግን አልተገኘም። ሠራተኞቹ ሽፋኑን እየገነጠሉ በቆሙት ፉርጎዎች ላይ ለጠፉት፤ ረቡዕ በገበያው ግንብ ላይ ታየ፤ ሐሙስ ማለዳ በራሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር በር ላይ ተገኘ። ማንም መፈክር አልጻፈበትም፤ አላስፈለገውም። የሚጠብቁን እጆች እየተንቀጠቀጡ ነው ማለት እንደ ሆነ ከተማው ሁሉ ገብቶት ነበር።

ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የሚኒስቴሩ የጥበቃና የምርመራ ኃላፊ የሆነ ሻለቃ ወደ ሠዓሊው ክፍል ገባ። ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ጓንቱን ጣት በጣት የሚያወልቅ ሰው ነበር። ዋና አዘጋጁ ከኋላው ቆሞ ወለሉን ያያል።

«ይህን ሐሳብ ማን ሰጠህ?»

«የራሴ ነው፣ ክቡር ሻለቃ።»

«ሽፋኑ እንደዚያ አይልም» አለ ሻለቃው፤ በጣቱም ግርጌውን አሳየው። «ከተመልካቾች አስተያየት የተሣለ ነው የሚለው። ካርዶቹን አምጣ።»

ሠዓሊው ሥራው ካለቀ በኋላ እንደሚጣሉ ተናገረ። ሻለቃው አልተቆጣም። የጠረጴዛውን መሳቢያ አስፈተሸ፤ እዚያው ሳለም ሰዎች ልኮ ቤቱን አስበረበረ፤ የእህቱ የጨርቅ ሣጥን ተገልብጦ፣ ለሌላ ሰው የተቆረጠ ልብስ ሳይቀር ስፌቱ ተፈታ። ምንም አልተገኘም። በዚያን ጊዜ ሻለቃው ሌላ ትእዛዝ ሰጠ። ጄኔራሉ ሥልጣን የያዙበት በዓል ሃያ ቀን ቀርቶታል፤ የበዓሉን ሽፋን፣ የጄኔራሉን ምስል፣ ሠዓሊው ይሥላል፤ ዋናው ሥዕል በሰው ቁመት ልክ ሆኖ በሚኒስቴሩ አዳራሽ ይሰቀላል፤ እስኪያልቅ ድረስም ከዚህ ክፍል አይወጣም።

«እስረኛ አይደለህም» አለው ሲወጣ። «በሩም አይቆለፍም። ሥራህን እየሠራህ፣ ካርዶቹ የት እንዳሉ ደግሞ እያስታወስክ ትቆያለህ።»

በሩ በእርግጥ አልተቆለፈም። አንድ ሸምገል ያለ አሥር አለቃ ወንበር ይዞ በሩ ላይ ተቀመጠ። ሠዓሊው ወደ መጸዳጃ ሲሄድ ይከተለዋል፤ መስኮት ሲከፍት ቀና ብሎ ያየዋል። እህቱ በየሁለት ቀኑ ንጹሕ ሸሚዝ ይዛ ስትመጣ አሥር አለቃው ኪሶቹን አገላብጦ ፈትሾ ያቀብላል፤ እሷም በደረጃው ራስ ላይ ቆማ፣ «ደህና ነህ?» ከማለት በቀር ሌላ አታነሣም። ዝናቡ ጀመረ። ግቢው ጭቃ ሆነ፤ ጭቃው ላይ ወታደሮች ቆሙ። አሥራ አንድ ዓመት በራሱ ፈቃድ የገባባት ክፍል ግድግዳዋ በየቀኑ አንድ አንድ ስንዝር ወደ እሱ የምትቀርብ መሰለው።

ነገሩን ይበልጥ ያከበደው ግን ካርዶቹ እዚያው ክፍል ውስጥ መኖራቸው ነው። አርባ ሦስቱም በአንድ ፖስታ ሆነው፣ በማእዘኑ ከተደረደረው ባዶ ካርቶን ሥር ነበሩ። በእያንዳንዷ ላይ የሰው የእጅ ጽሕፈትና የሰው ወንበር አለ። ሊያቃጥላቸው ምድጃ የለም፤ ወደ ውጭ ሊወረውራቸው ወታደር አለ፤ በእህቱ እጅ ሊልካቸው ፍተሻው አለ። አንድ ቀን ሁለቱን ቀዳዶ ለማኘክ ሞክሮ ነበር፤ ጉሮሮው አልቀበል ብሎት አሥር አለቃው ውኃ አቀበለው። በአምስተኛው ቀን ዋና አዘጋጁ የሥራውን ሁኔታ ለማየት የመጣ መስሎ ጠጋ አለና፣ ሐሙስ ዕለት አናጢዎች መጥተው የክፍሉን ወለልና መደርደሪያ ሁሉ እንደሚያነሡ በጆሮው ነገረው፤ ወዲያውም ጉዳዩን እንዳልተናገረ ሰው ፈጥኖ ወጣ።

ማክሰኞ ነበር። ሠዓሊው ጥቂት አሰበና ወደ አሥር አለቃው ዞሮ፣ ለሰው ቁመት የሚሆን ወፍራም ሰሌዳ በመጋዘኑ እንደሌለ፣ ስለዚህም ካርቶንና ወረቀት እያነባበረ ራሱ መሥራት እንዳለበት ነገረው፤ ይህም እውነት ነበር። የዱቄት ሙጫ በባልዲ፣ ለመጫኛ የሚሆኑ ከባድ የማተሚያ ፊደል ሣጥኖች ከታች አስመጣ። በቀን ብርሃን፣ በሩ ተከፍቶ፣ አሥር አለቃው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ ሥራውን ጀመረ። ካርቶን ዘረጋ፤ ሙጫ ቀባ፤ ወረቀት ደረበ። በሁለተኛው ንብርብር ላይ የተቀዳደደ ወረቀት፣ የድሮ የማተሚያ ቅጂ፣ የፖስታ ቁራጭ እያለ ይደረድር ጀመር፤ በመካከሉም ፖስታውን አወጣና ካርዶቹን አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ታች እየደፋ ሙጫው ላይ አነጠፋቸው። እጁ እንዳይፈጥንም እንዳይዘገይም ይጠነቀቅ ነበር። የማተሚያው መኪና ከታች ሲቆም ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የገዛ ትንፋሹ ተሰማው።

አሥር አለቃው ከወንበሩ ተነሣ። መጥቶ ከሰሌዳው በላይ ቆመ፤ ለረጅም ጊዜም ቁልቁል አየ። ሠዓሊው ቀና ማለት አልቻለም።

«ይቺኛዋ ፊቷ ወደ ላይ ነው» አለ አሥር አለቃው። «ገልብጣት።»

ሠዓሊው አየ፤ በእርሳስ የተጻፈችው ናት። ገለበጣት። አሥር አለቃውም ጎንበስ ብሎ የሰሌዳውን ጫፍ ያዘለት፤ የመጨረሻው ካርቶን ሲደረብ እኩል እንዲያርፍ በመዳፉ እየተጫነ ረዳው፤ የማተሚያ ፊደሉን ሣጥኖችም አብረው ተሸክመው ከላይ ጫኑ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ስለዚህ ነገር በዚያም ቀን ሆነ በሚቀጥሉት ቀናት አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ካርዷን የጻፈው እሱ ይሁን፣ ወይስ ማንበብ የሚችል አንድ አሮጌ ወታደር ብቻ፣ ሠዓሊው እስከ ዕለተ ሞቱ አላወቀም።

ሐሙስ አናጢዎቹ መጡ፤ ወለሉን አነሡ፤ መደርደሪያውን አፈረሱ። ሰሌዳው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የጄኔራሉም ትከሻ በከሰል ተነድፎበታል። ሻለቃው ራሱ፣ «ይህንን እንዳትነኩ» ብሎ አስጠነቀቃቸው።

ሥዕሉ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አለቀ። ያማረ ነበር፤ ሠዓሊው መጥፎ አድርጎ መሥራት አያውቅበትም። ሻለቃው ደስ ብሎት፣ ስሙን በግርጌው በጉልህ እንዲጽፍ አዘዘው፤ ቀድሞ በሽፋኖቹ ላይ የሚፈርመው በማይታይ ትንሽ ምልክት ነበር። ጻፈ። በበዓሉ ማግስት የመንግሥት ማተሚያ ቤት ዋና ሠዓሊ የሚል ማዕረግ ተሰጠው፤ በጋዜጣም ወጣ።

በዚያው ሳምንት ፖሊሶች ሲኒማ ቤቱን ፈትሸው የቋሚ ወንበሮቹን መዝገብ ወሰዱ። መዝገቡ ስም እንጂ አስተያየት የለውም፤ ማን ምን እንደ ጻፈ ስላልታወቀ አርባ ሦስቱን ማሰር አልተቻለም፤ ነገር ግን ሻለቃው ባዶ እጁን አልተመለሰም። ስድስት ሰዎች በጥርጣሬ ተያዙ። ከነሱ አንዷ ትኬት ቆራጯ ነበረች፤ አራት ወር ታስራ ወጣች፤ ሥራዋንም አጣች። ከተማው ሁለቱን ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ አኖራቸው፤ ሠዓሊው ተሾመ፣ የፊልም ወዳጆች ታሰሩ። ከዚህ በላይ ማስረጃ የፈለገ አልነበረም።

በተፈታች በሳምንቷ ከሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ ተገናኙ። ሠዓሊው ብቻውን አልነበረም፤ ከሚኒስቴሩ የተመደበለት ጸሐፊ ከጎኑ ይሄዳል። እሷ ከስታ ነበር። መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ካርዶቹ የት ናቸው?» አለችው።

ጸሐፊው ጆሮውን አቆመ። ሠዓሊው ካርዶቹ በሚኒስቴሩ አዳራሽ ተሰቅለው እንዳሉ ቢናገር፣ ንብርብሩን ለመላጥ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

«የሉም» አላት።

«ሰጠሃቸው ማለት ነው።»

ሠዓሊው ጸሐፊውን በዓይኑ ጥግ አየው። ከሁሉም በላይ የከበደው አንቱታዋን ማንሣቷ ነበር፤ አንተ የምትለውን ቀን ሲጠብቅ ከርሞ ነበርና፣ በዚህ መንገድ ይመጣል ብሎ ግን አላሰበም። ትንሽ ጠበቀችው፤ ከዚያ መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ አላነጋገረችውም።

መጽሔቱ አልተዘጋም። «ከተመልካቾች አስተያየት የተሣለ» የሚለው ጽሑፍም አልቀረም። ሰኞ ሰኞ ካርዶች ይመጡለታል፤ ሁሉም በአንድ የጽሕፈት መኪና የተጻፉ፣ የአንዷ ፊደል እግር በሁሉም ላይ የተሰበረ። ካርዶቹ የተመልካቾች ፍላጎት የአውራ ተዋናዩ ፊት እንደ ሆነ ይገልጻሉ። ሠዓሊው እያነበበ ፊት ይሥላል። መልቀቂያ ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ ሁለት ጊዜም ስለ ማዕረጉ ክብር ሲባል ተቀባይነት አላገኘም። በየዓመቱ በበዓሉ ቀን ከሥዕሉ ሥር ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በፎቶግራፎቹ ሁሉ ላይ ዓይኑ ወደ ሥዕሉ እንጂ ወደ ካሜራው አይደለም፤ ሰዎችም በሥራው ይመካል አሉት።

እውነቱን የነገረው ለእህቱ ብቻ ነው። ስትሰማ መርፌዋን አስቀመጠች።

«ለሴትየዋ ልንገራት» አለችው።

«ካወቀች ሲጠይቋት ምን ትላለች፣ እትዬ? የማያውቅ ሰው ምንም ቢደረግ የሚያወጣው የለውም።»

«አንተስ?»

«የእኔን ሆድ ይፍጀው።»

እህቱም ቃሏን ጠብቃ፣ ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድማ ሞተች። እሱ በአምሳ ሦስት ዓመቱ በሳንባ ሕመም ሲያርፍ ጄኔራሉ ገና በሥልጣን ላይ ነበሩ። ቀብሩ ላይ የተገኙት የሚኒስቴሩ ሰዎችና ዋና አዘጋጁ ናቸው፤ ዋና አዘጋጁ ብዙ አለቀሰ፤ ለምን እንደ ሆነ ግን ለማንም አልተናገረም።

ዘመን ተለወጠ። ጄኔራሉ አለፉ፤ አዳራሹ ሌላ ምስል ሰቀለ፤ የድሮው ወደ መጋዘን ገባ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የሕትመት ታሪክን የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ተዘጋጀ። በአንደኛው ግድግዳ ላይ የጄኔራሉ ምስል ቆመ፤ ከሥሩም የሠዓሊው ሙሉ ስምና «ጥበቡን ለገዢዎች ያዋለ» የሚል ማብራሪያ ተጻፈ። በሌላው ግድግዳ ላይ፣ ከመስታወት በስተጀርባ፣ ከፉርጎ ላይ የተላጠ አንድ አሮጌ ሽፋን ተሰቀለ፤ ቁልፍ የያዘ እጅ። ዝናብ ያጠበው ወረቀት ስለ ሆነ በጥጉ ላይ የነበረው ትንሽ ምልክት ጠፍቷል። «ሠዓሊው ያልታወቀ» ይላል ጽሑፉ።

በመክፈቻው ቀን አንዲት በምርኩዝ የምትሄድ ረጅም አሮጊት መጣች። እጁ ፊት ወንበር አስመጥታ ብዙ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ለነበሩት ወጣቶችም፣ ይህን ያሣልነው እኛ ነን፣ እሑድ እሑድ እንሰበሰብ ነበር እያለች አጫወተቻቸው። ማን ሣለው ብለው ሲጠይቋት ፊቷን አዞረች፤ ስሙን አልጠራችም። ስትወጣ በጄኔራሉ ምስል አጠገብ አለፈች። ምርኩዟ የሰሌዳውን ጠርዝ ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ከቀለሙ ሥር በሁለተኛው ንብርብር ውስጥ የራሷ የእጅ ጽሕፈት፣ የነርሷም፣ የባቡር ጠጋኞቹም፣ ፊታቸውን ደፍተው ተኝተዋል። ቀና ብላ አላየችውም።

ያን ዘመን የጻፉ ሰዎች ሐሰት አልጻፉም። የተፈረመውን ሥዕል ከነፊርማው፣ ያልተፈረመውን ደግሞ ያለ ስም አስቀመጡ፤ ታሪክ በእጁ የገባለትን መዝግቧል። በዚያ ሰሌዳ ምክንያት ያልታሰሩት ሠላሳ ሰባት ሰዎች ቤታቸው ገብተው፣ ልጆች ወልደው፣ በየአልጋቸው አርጅተው ሞቱ፤ ከምን እንደ ዳኑ ግን አንዳቸውም ስላላወቁ፣ የሚመሰክር አልተገኘም።